የራሱን ጦር የፈራ ፓርቲ፦ ከቀይ ጦር ልደት እስከ ሮስቶቭ

ጁን 24 ቀን 2023 ጠዋት ነው። ቦታው ሮስቶቭ፣ በደቡብ ሩሲያ በዶን ወንዝ ዳር ያለች ትልቅ ከተማ። የዩክሬን ጦርነት ከሚመራባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ፣ የደቡብ ወታደራዊ ዕዝ መምሪያ፣ እዚያ ነው ያለው። ዋግነር የተባለው፣ ለሩሲያ ሲዋጋ የነበረው የግል ጦር ተዋጊዎች አምፀው ሌሊቱን ከግንባር ገብተው መምሪያውን ከበቡት። አንዱ ታንካቸው የከተማው ሰርከስ በር ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። የመንገድ ጠራጊው በታጠቁት ሰዎች መሃል መጥረጊያውን ይዞ ሥራውን ይሠራል። ሰዉ በስልኩ ይቀርፃል። መሪያቸው የቭጌኒ ፕሪጎዢን ደግሞ መምሪያው ግቢ ውስጥ ከምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ከዩኑስቤክ የቭኩሮቭና ከወታደራዊ ስለላው ምክትል ኃላፊ ከጄኔራል ቭላድሚር አሌክሴየቭ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል።

በዚያው ሰዓት ሌላው የዋግነር ጦር በአስፋልቱ ወደ ሞስኮ ይገሰግሳል። በመንገዱ ላይ ሄሊኮፕተሮችና አንድ የጦር አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ አብራሪዎች ሞቱ። ሊፔትስክ አካባቢ መንገዱን በኤክስካቫተር ቆፈሩበት። ሞስኮ ሊደርስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ የቤላሩሱ ፕሬዚዳንት ገብቶ አስታረቀና ተመለሰ።

ያን ቀን ብዙ ሰው የጠየቀው «ፑቲን ይወድቃል ወይ?» ብሎ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ጦሩ የት ነበር? ለፕሪጎዢን ያደረ ክፍለ ጦር የለም። መንገድ ዘግቶ የተዋጋው ብርጌድም የለም። በዓለም ትልቅ ከሚባሉት ጦሮች አንዱ፣ በገዛ አገሩ መሃል፣ ቆሞ አየ።

ይህ ቆሞ ማየት ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። የተማሩት ነገር ነው። ያስተማራቸውም የሶቭየት ኅብረት ኮሚኒስት ፓርቲ ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ፓርቲው በታሪክ ትልቅ ከሚባሉት ጦሮች አንዱን ሠራ፤ አንድም ቀን ግን አላመነውም። የዛሬዋን ሩሲያ ለመረዳት ከዚያ አለመተማመን መጀመር አለብን። (እዚህ ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ከአዛዡ ጎን የተቀመጠው ሰው

ቦልሼቪኮች፣ በኋላ ኮሚኒስት ፓርቲ የተባሉት፣ በ1917 ሥልጣን ሲይዙ ጦር አልነበራቸውም። የዛሩ ወታደር ግንባሩን ጥሎ ወደየመንደሩ እየሄደ ነበር። በ1918 መጀመሪያ ቀይ ጦር ሲመሠረት፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራው በሌዎን ትሮትስኪ እጅ ገባ። ትሮትስኪ ጸሐፊና ተናጋሪ እንጂ ወታደር አልነበረም። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባው። ጦር ያለ መኮንን አይሆንም፤ መኮንኖቹ ደግሞ ያሉት በአሮጌው ሥርዓት በኩል ነው። ስለዚህ ሰበሰባቸው። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ወደ 50,000 የሚጠጉ የዛር መኮንኖች በቀይ ጦር ውስጥ አገልግለዋል።

ታዲያ ትናንት የዛርን ባንዲራ የተሳለመ ሰው እንዴት ይታመናል? አልታመነም። ከያንዳንዱ አዛዥ ጎን አንድ የፓርቲ ሰው ተቀመጠ። ኮሚሳር ይሉታል። አዛዡ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ኮሚሳሩ ካልፈረመበት ትእዛዝ አይሆንም። መኮንኑ ከከዳ ቤተሰቡ ይያዝ የሚል መመሪያም ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የምሥጢር ፖሊሱ በጦሩ ውስጥ የራሱን «ልዩ ክፍል» ከፈተ። የልዩ ክፍሉ ሰው የወታደር ልብስ ይለብሳል፤ ተጠሪነቱ ግን ለአዛዡ አይደለም። በየክፍሉ ደግሞ የፓርቲ ሕዋስ አለ። ስለዚህ አንድ የሻለቃ አዛዥ ከላይ በኮሚሳር፣ ከጎን በሰላይ፣ ከታች በሕዋስ ይታያል። ምሳውን ሲበላ እንኳ ማን ምን እንደሚጽፍበት አያውቅም።

ይህ ሁሉ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። ጦርነቱ አልቆ የሠራተኛው ልጅ መኮንን እስኪሆን ድረስ። ግን በማርች 1921 ክሮንሽታት መጣ። በፔትሮግራድ አፍ ላይ ያለው የባሕር ኃይል ምሽግ መርከበኞች፣ ራሳቸው የአብዮቱ ልጆች፣ በነፃ የተመረጠ ሶቭየት፣ ማለትም ምክር ቤት፣ ይኑር ብለው ተነሡ። ሞስኮ ላይ የፓርቲው አሥረኛ ጉባኤ እየተካሄደ ነበር። ከ300 በላይ ተወካዮች ከጉባኤው ተነሥተው ወደ ግንባር ሄዱ። በሚካኤል ቱካቼቭስኪ የሚመራው ጦር ነጭ ለብሶ በበረዶ በተጋገረው ባሕር ላይ ተራምዶ ምሽጉን ያዘ። ፓርቲው ከዚያ የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌው መኮንን ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። የራስ ልጅም ያሰጋል።

ፍርሃቱ ስም ነበረው፤ ቦናፓርቲዝም። የፈረንሳይን አብዮት የቀበረው ከአብዮቱ ውስጥ የወጣ ጄኔራል፣ ናፖሊዮን ቦናፓርት ነው። ቦልሼቪኮች ያንን ታሪክ እንደ ዳዊት ደግመውታል። ናፖሊዮናችን ማን ይሆን እያሉ ኖሩ።

ደም የነካው ወረቀት

ክሮንሽታትን የያዘው ቱካቼቭስኪ በ1935 ከአምስቱ የመጀመሪያ ማርሻሎች አንዱ ሆነ። ገና 42 ዓመቱ ነበር። ስለ ታንክ፣ ስለ አውሮፕላን፣ ስለ ጃንጥላ ወራጅ አንድ ላይ የሚያስብ ሰው ነው። የጠላትን መስመር ገፍቶ ከማስለቀቅ ይልቅ በስቶ ጥልቁ ድረስ መግባት አለብን ይል ነበር። በዚያው ዓመት ኪየቭ አጠገብ በተደረገ ልምምድ ከ1,000 በላይ ወታደሮች በጃንጥላ ወረዱ። የውጭ ታዛቢዎች አይተው ተደነቁ። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ጦር በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በሜይ 1937 ተያዘ። በጁን 11 ለፍርድ ቀረበ፤ በዚያችው ሌሊት ተረሸነ። ከሥር ከሥር ሌሎች ተከተሉ። ከአምስቱ ማርሻሎች ሦስቱ ጠፉ፤ ቱካቼቭስኪ፣ ዬጎሮቭ፣ ብሉኸር። ብሉኸር በቱካቼቭስኪ ላይ ከፈረዱት አንዱ ነበር። የፈረዱት አብዛኞቹ እዚያው መንገድ ሄዱ። በሁለት ዓመት ከ30,000 በላይ መኮንኖች ከጦሩ ተባረሩ። ከነዚህ ውስጥ ሺዎች ታሰሩ፣ ተገደሉ። ስታሊን ከሞተ በኋላ የቱካቼቭስኪ መዝገብ ሲከፈት፣ የእምነት ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። ሲመረመር ደም ሆኖ ተገኘ።

ሰው «ስታሊን አብዶ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስታሊን ያደረገው ፓርቲው ከ1918 ጀምሮ ያሰበውን ነገር እስከ ጥጉ ማድረስ ነው። ብልህ ጄኔራል አደገኛ ጄኔራል ነው የሚለው ሐሳብ አስቀድሞ ነበረ። እሱ በጭካኔው ጨረሰው።

ዋጋው ሦስት ዓመት ሳይሞላ መጣ። በኖቬምበር 1939 ቀይ ጦር ፊንላንድን ወረረ። ፊንላንድ ያኔ አራት ሚሊዮን እንኳ ያልሞላ ሕዝብ ነበራት። በጫካው ውስጥ ክፍለ ጦሮች በአንድ ጠባብ መንገድ ተሰልፈው፣ አዛዡ ከኮሚሳሩ ፈቃድ ሳያገኝ ወደ ኋላ ማለት ፈርቶ፣ እየተቆራረጡ አለቁ። በሦስት ወር ተኩል ወደ 126,000 የሶቭየት ወታደር ሞተ ወይም ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳንኪራ ልብ በሉልኝ። በኦገስት 1940 የኮሚሳሩ ፊርማ ቀረ፤ አዛዡ ብቻውን ይዘዝ ተባለ። በጁን 1941 ሂትለር መጣ። ጦሩ ሲፈርስ ፓርቲው ደነገጠና በጁላይ ኮሚሳሩን መለሰው። የምዕራብ ግንባር አዛዥ ጄኔራል ፓቭሎቭ በዚያው ወር ተረሸነ። ከዚያ በኦክቶበር 1942፣ ስታሊንግራድ ውስጥ ቤት ለቤት እየተታኮሱ ሳለ፣ የኮሚሳሩ ፊርማ እንደገና ቀረ። በጃንዋሪ 1943 ደግሞ ይባስ ብሎ የትከሻ ማዕረግ ተመለሰ። አብዮተኞቹ በ1917 ከመኮንኖች ትከሻ ላይ የቀደዱት ያው የዛር ዘመን ማዕረግ! አያችሁ፤ ፓርቲው ሲፈራ ኮሚሳሩን ይጠራል፤ ማሸነፍ ሲፈልግ ያነሣዋል። ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ኮንስታንቲን ሮኮሶቭስኪን ውሰዱ። በ1937 ታስሮ ጥርሱን አወለቁት። ሰው አልወነጀለም፤ አልፈረመም። በማርች 1940 ለቀቁት፤ በወለቁት ጥርሶቹ ፋንታ ብረት አስተክሎ ወደ ጦሩ ተመለሰ። ሞስኮን የተከላከለው፣ ስታሊንግራድ ላይ የተከበበውን የጀርመን ጦር ያስማረከው፣ በ1944 ቤላሩስን ነፃ ካወጡት አዛዦች አንዱ የሆነው እሱ ነው። በ1945 ቀይ አደባባይ ላይ የድሉ ሰልፍ ሲደረግ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የጦርነቱ ዝነኛ አዛዥ ማርሻል ዡኮቭ በነጭ ፈረስ፣ ሮኮሶቭስኪ በጥቁር ፈረስ ወጡ። ቀኑ ጁን 24 ነው። ዋግነር ሮስቶቭ የገባበት ያው ቀን፣ ልክ 78 ዓመት ቀድሞ።

ያን ጦርነት ያሸነፈው ሕዝብ 27 ሚሊዮን ያህል ሰው አጥቷል። ቁጥሩን ጽፌ ማለፍ ይከብደኛል። ምን ያህሉ በሂትለር፣ ምን ያህሉ ደግሞ በ1937 በጠፉት አዛዦች ምክንያት እንደሞተ የሚለይ ሚዛን የለም።

ድልም ይቅርታ አላስገኘም። ዡኮቭ ሰልፉን በተቀበለ በዓመቱ ወደ ኦዴሳ ዕዝ ተወረወረ። ስታሊን ሲሞት ተመልሶ በ1953 የደህንነቱን አለቃ ቤሪያን በማሰሩ ሥራ ገባበት። በጁን 1957 የፓርቲው መሪ ክሩሽቼቭ ሊወድቅ ሲል፣ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትን በጦር አውሮፕላን ከየክልሉ ሰብስቦ ሞስኮ አደረሰለትና አዳነው። አራት ወር አልፈጀም። ዡኮቭ ለጉብኝት ዩጎዝላቪያና አልባኒያ ሄዶ ሳለ ክሩሽቼቭ አባረረው። ክሱ? ቦናፓርቲዝም። በጦሩ ውስጥ የፓርቲውን ሥራ አዳክሟል ተባለ። ያዳነህ ሰው ነገ ሊጥልህ ይችላል የሚለው ስሌት ነው።

አንድ ጄኔራል፣ አንድ ድልድይ

አሁን ወደ ሮስቶቭ እንመለስ። ከሮስቶቭ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኖቮቸርካስክ የምትባል ከተማ አለች። በጁን 1962 የሥጋና የቅቤ ዋጋ ጨመረ። በከተማዋ የባቡር ሞተር ፋብሪካ ደግሞ የሠራተኛው ክፍያ ቀድሞ ተቀንሶ ነበር። ሠራተኛው ሥራ አቆመ። በማግሥቱ የሌኒንን ሥዕልና ቀይ ባንዲራ ይዞ ወደ መሃል ከተማ ተመመ። መንገዱ የቱዝሎቭን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል።

ድልድዩ ላይ ታንኮች ነበሩ። የሚያዛቸው ጄኔራል ማትቬይ ሻፖሽኒኮቭ ነው፤ መምሪያው ሮስቶቭ የሆነው የሰሜን ካውካሰስ ዕዝ ምክትል አዛዥ። የሂትለርን ጦር በታንክ የተዋጋ፣ የሶቭየት ኅብረት ጀግና የተባለ ሰው። ከዚያ በፊት ወታደሮቹ ጥይታቸውን ከመሣሪያቸው እንዲያወጡ አዞ ነበር። ሕዝቡን በታንክ አጥቃ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ ሲደርሰው፣ ታንክ የሚገባው ጠላት ከፊቴ አላይም አለ። ሰልፈኛው በታንኮቹ ላይ እየተንጠላጠለ አለፈ።

አደባባዩ ላይ ግን ሌሎች ወታደሮች ይጠብቁ ነበር፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ጦር። ተኮሱ። 26 ሰው ሞተ። ሬሳው በሌሊት ወደማይታወቅ ቦታ ተወሰደ። ደሙ አልታጠብ ስላለ አስፋልቱ ላይ ሌላ አስፋልት ተደረበ። በኋላ ሰባት ሰዎች በሞት ተቀጡ። ጄኔራሉስ? ከጦሩ በጡረታ ተገለለ፤ በ1967 ከፓርቲው ተባረረ፤ ክስም ተከፈተበት። የፓርቲ አባልነቱ የተመለሰለት በመጨረሻው የሶቭየት መሪ በጎርባቾቭ ዘመን፣ በ1988 ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የቀይ ጦር ክብር ያለው ድልድዩ ላይ ነው እላለሁ። በዚያ ሥርዓት እምቢ ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደሚከፍል እያወቀ ነው ያደረገው። በየካምፑ ያለ መኮንን ደግሞ ይህን ዐይቶ የራሱን ትምህርት ወሰደ። እምቢ አትበል። አንተ ተነሥተህም ምንም አታድርግ። ትእዛዝ ጠብቅ።

እኛ ጋ የመጣው ቁልፍ

ይህ ሩቅ አገር የሆነ ነገር አይደለም፤ እኛ ቤትም ገብቷል። በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የታጠቀው የሶቭየት መሣሪያ ነበር። ሞስኮ መርጣ ወደ አዲስ አበባ ዞረች። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር የሶቭየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ ማጓጓዝ ጀመሩ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ መጣ፤ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ የካቲት 26 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ቢኤሙ፣ ቲ-55ቱ፣ ሚጉ፣ ክላሹ ዛሬም በወታደሩ አፍ ላይ ያለ ስም ነው።

ከመሣሪያው ጋር ግን አሠራሩም መጣ። የፖለቲካ ኮሚሳር በየክፍሉ ተመደበ። አዛዡ፣ ኮሚሳሩና የደህንነት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት «ሦስት ማዕዘን» የሚባለው አመራር የመጣው ከዚያ ነው። የሚገርመው፣ ሞስኮ ላይ ፓርቲ ነው ጦር የሠራው፤ እኛ ጋ ደግሞ ወታደሮች ናቸው ፓርቲ የሠሩት፤ ኢሠፓ የቆመው በ1977 ዓ.ም. ነው። ፍርሃቱ ግን ያው ሆነ። በ1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለማርያም ትእዛዝ ተረሸነ። አንድ ወር አካባቢ ቆይቶ አፋቤት ወደቀ፤ የሶቭየት መኮንኖችም እዚያ ተማረኩ። በዓመቱ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ጄኔራሎቹ ተነሡ፤ ከሸፈባቸው። የአገሪቱ ምርጥ አዛዦች በአንድ ሳምንትና ከዚያ በኋላ በነበረው ፍርድ አለቁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ትልቅ ጦር ተበተነ። በዚያ ጦር ውስጥ አባቱ ወይም አጎቱ ያልነበረ ቤተሰብ ስንት ነው? የ1937 ታሪክ ለእኛ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍ ታሪክ አይደለም።

ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ

በዲሴምበር 1979 የሶቭየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ። የወሰኑት በጣት የሚቆጠሩ የፖሊት ቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ብሬዥኔቭ፣ አንድሮፖቭ፣ ግሮሚኮ፣ ኡስቲኖቭ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ኡስቲኖቭ ከመሣሪያ ፋብሪካ የመጣ እንጂ ከጦር ሜዳ የመጣ አልነበረም። ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ኦጋርኮቭና ምክትሉ ሰርጌይ አኽሮሜየቭ ይቅርብን ብለው ነበር። የፖለቲካው የእናንተ ሥራ አይደለም ተባሉ። ዝም አሉ፤ ትእዛዙን ፈጸሙ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጦሩ ወደ 15,000 የሚጠጋ ሬሳ ቆጥሮ ወጣ። የአፍጋኖቹ ሬሳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከዚያ የባሰው የመጣው በአገር ውስጥ ነው። በኤፕሪል 1989 ትብሊሲ ላይ ጦሩ ሰልፈኛ በተነ፤ ወደ 20 ሰው ሞተ። በጃንዋሪ 1990 ባኩ ገባ፤ ከ100 በላይ ሞተ። በጃንዋሪ 1991 ቪልኒየስ ላይ የቴሌቪዥን ማማውን ያዘ፤ 14 ሰው ሞተ። በየጊዜው ሞስኮ ላይ ትእዛዙን የሰጠ ሰው ጠፋ። ጎርባቾቭ አላውቅም አለ። ጥፋቱ የወደቀው ሜዳ ላይ ባለው መኮንን ላይ ነው። ጋዜጣ ሰደበው፤ ልጁ ትምህርት ቤት አፈረ። መኮንኖቹ አንድ ቃል ተማሩ፦ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ።

እንግዲህ ኦገስት 19 ቀን 1991 የመጣው በዚህ ላይ ነው። የደህንነት መሥሪያ ቤቱ የኬጂቢ አለቃ ክርዩችኮቭ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርሻል ያዞቭና ሌሎች ጎርባቾቭን ክሪሚያ ላይ አግተው ሥልጣን ያዝን አሉ። የታማንና የካንተሚሮቭ ክፍለ ጦር ታንኮች ሞስኮ ገቡ። ወታደሮቹ አብዛኞቹ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። ለምን እንደመጡ አልተነገራቸውም። የሞስኮ ሴቶች ታንኩ ላይ እየወጡ ዳቦና ወተት ይሰጧቸዋል፤ «በእናትህ ላይ ትተኩሳለህ?» ይሏቸዋል። ሴረኞቹ ምሽት ላይ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ የምክትል ፕሬዚዳንቱ የያናየቭ እጅ ሲንቀጠቀጥ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ።

ሁሉም ይጠብቅ ነበር። የአየር ኃይሉ አዛዥ የቭጌኒ ሻፖሽኒኮቭ (የድልድዩ ጄኔራል አይደለም) ጦሩ ከሞስኮ ይውጣ አለ። የጃንጥላ ወራጆቹ አዛዥ ፓቬል ግራቾቭ ከሁለቱም ወገን ጋር ያወራል። የኬጂቢው አልፋ ቡድን ፓርላማውን ለመስበር ፈቃደኛ አልሆነም። በጽሑፍ የሚያዝ ሰው አልተገኘም። ሌሊት በዋሻ መንገድ ላይ ሦስት ወጣቶች በብረት ለበሶች መሃል ሞቱ። ያዞቭ ይህን ሲሰማ በማግሥቱ ጦሩን አስወጣ። በ17 ዓመቱ ዕድሜውን ዋሽቶ የዘመተ ሽማግሌ ነው፤ በገዛ ሕዝቡ ላይ መተኮስ አልቻለበትም።

ብዙዎች ጦሩ ያኔ ዲሞክራሲን መረጠ ይላሉ። ጥቂቶቹ በርግጥ መረጡ። የቀረው ግን ያደረገው ለ70 ዓመት የተማረውን ነው። ያለ ፓርቲ ትእዛዝ እንዳትንቀሳቀስ ተብሎ ያደገ ጦር፣ ፓርቲው ራሱ ማዘዝ ሲያቅተው ቆመ። ኮሚሳሩ፣ ልዩ ክፍሉ፣ ሕዋሱ፣ ሁሉም ጦሩ ፓርቲውን እንዳይጥል የተሠሩ ናቸው። ሠርተዋልም። አንድም ናፖሊዮን አልወጣም። ፓርቲውን ሊያድን የሚነሣ ጦር ግን በዚያው አልቆ ነበር። ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደርና ከ30,000 በላይ የኑክሌር አረር የነበራት አገር፣ አንድ ክፍለ ጦር ሳይሞትላት በዲሴምበር ፈረሰች።

ማርሻል አኽሮሜየቭ ከዕረፍቱ ተነሥቶ ሴረኞቹን ሊረዳ መጥቶ ነበር። ነገሩ ሲከሽፍ፣ ኦገስት 24 ቀን፣ ክሬምሊን ቢሮው ውስጥ ራሱን ሰቀለ። ደብዳቤዎች ትቷል። አንዱ ላይ 50 ሩብል አያይዟል፤ ለክሬምሊን ምግብ ቤት ያለበትን ዕዳ እንዲከፍሉለት። ስለዚህ ሰው ሳስብ የማልረሳው ይህንን ነው። ሌኒንግራድን ሲከላከል የኖረ ወታደር፣ አፍጋኒስታንን ይቅርብን ብሎ ዝም የተባለ፣ በመጨረሻ አገሩ ስትፈርስ የምሳ ዕዳውን ከፍሎ ሄደ።

ፓርቲው ሄደ፣ ልማዱ ቀረ

በኦክቶበር 1993 የሩሲያ ፕሬዚዳንት የልትሲን ፓርላማውን በታንክ ምቱ ሲል ግራቾቭ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ነበር። በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ። የልትሲን ጽፎ ላከለት። ሁለት ዓመት አልፎ ያው ቃል።

ፑቲን የኬጂቢ ልጅ ነው። ጦሩን የሚያየው ልዩ ክፍሉ ባለበት በኩል ነው። የዛሬው የደህንነት መሥሪያ ቤት ኤፍኤስቢ በጦሩ ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በ2016 ፑቲን የአገር ውስጥ ጦሩን ሰብስቦ በቀጥታ ለራሱ ተጠሪ የሆነ ብሔራዊ ዘብ አቋቋመ፤ ኖቮቸርካስክ ላይ የተኮሰው ጦር ወራሽ ማለት ነው። በጁላይ 2018 ደግሞ በጦሩ ውስጥ የወታደራዊና የፖለቲካ ዋና መምሪያ እንደገና ተከፈተ። ኮሚሳሩ ያለ ፓርቲ ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬን ላይ የተወሰነው ውሳኔ በ1979 እንደነበረው በጣም ጥቂት ሰዎች መሃል የተቆረጠ ነው። ብዙ ወታደሮች ልምምድ ነው ተብለው ሄደው ድንበር ሲሻገሩ ነው ያወቁት። ወደ ኪየቭ ከሄዱት ቀዳሚ ረድፎች ውስጥ ሰልፍ ለመበተን የተዘጋጁ የብሔራዊ ዘብ ክፍሎች ነበሩበት። ከተማዋ እጅ ትሰጣለች ተብሎ ነበር። ይህን ሊሆን አይችልም ብሎ አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ጄኔራል የት ይገኛል? እንዲህ ያለው ጄኔራል ከ1937 ጀምሮ ሲነቀል ኖሯል።

ቻይና ይህን ታሪክ ከማንም በላይ አጥንታለች። ቤይጂንግ ከ1991 የወሰደችው ትምህርት ቁልፉን አላልተውት ነበር የሚል ነው። ስለዚህ ታጠብቃለች። በጁን 2024 ሁለት የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትሮች ከፓርቲው ተባረሩ። በኦክቶበር 2025 የማዕከላዊ ወታደራዊ ኮሚሽኑን ምክትል ሊቀመንበር ሄ ዌይዶንግን ጨምሮ ዘጠኝ ከፍተኛ መኮንኖች ተባረሩ። ክሱ ሙስና ነው፤ ሙስናው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ታይዋንን በሚመለከት አንድ ቀን እውነቱን መናገር ያለበት ሰው ከነዚያ ወንበሮች በአንዱ ላይ የሚቀመጥ ነው። ቀጥሎ የተቀመጠው ምን ብሎ ይናገራል?

ሩሲያ ውስጥ ከሮስቶቭ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ፕሪጎዢን በሁለት ወሩ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ጄኔራል ሱሮቪኪን ከአየር ኃይል አዛዥነቱ ተነሣ። በሜይ 2024 የመከላከያ ሚኒስትርነቱ ከሾይጉ ወደ ኢኮኖሚስቱ ቤሎውሶቭ ዞረ። ምክትል ሚኒስትር የነበረው ቲሙር ኢቫኖቭ በ2025 በሙስና 13 ዓመት ተፈረደበት።

የ58ኛው ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ኢቫን ፖፖቭ ግን ከነዚህ ይለያል። በዛፖሪዢያ ግንባር የዩክሬንን የ2023 ጥቃት ከመከቱት አዛዦች አንዱ ነው። በዚያው ጁላይ፣ ከሮስቶቭ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ለወታደሮቹ የላከው የድምፅ መልእክት ወጣ። መድፍ የሚመክት መድፍ አጣን፣ ልጆቻችን እያለቁ ነው ብዬ ለበላዮቼ በግልጽ ስለተናገርኩ ተነሣሁ ይላል። በሜይ 2024 በማጭበርበር ተከሶ ታሰረ። ወደ ግንባር መልሱኝ ብሎ ጠየቀ። በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ አምስት ዓመት ፈረደበት፤ ማዕረጉንም ገፈፈው።